የዘገየው ዕቃው ሳይሆን ማካፈሉ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የኮምፒውተር ሥርዓቶች የሚዘገዩት በአመዛኙ ዕቃው ስላረጀ እንደሆነ፣ መፍትሔውም የተሻለ አቅም ያለው ዕቃ መግዛት እንደሆነ ይገልጻል። ጸሐፊው ተሳስተዋል ለማለት አይደለም፤ ያረጀ ዕቃ መዘግየቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ከአሥር ዓመት በላይ ለአነስተኛ መሣሪያዎች ሶፍትዌር ስጽፍ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ዕቃው ተወቅሶ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ የተገኘባቸውን አጋጣሚዎች ቆጥሬ አልዘልቃቸውም። ከእነዚህም ውስጥ አንዱ ደጋግሞ ያጋጠመኝና ማንም የማይጠረጥረው ተራ ሥራ፣ ቁጥርን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ነው።

ነገሩ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ከትንሽ ምሳሌ ልነሣ። 247 የሚለው ቁጥር በኮምፒውተር ሜሞሪ ውስጥ በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፈው የባይነሪ ሥርዓት 11110111 ሆኖ በአንድ ባይት፣ ማለትም በስምንት ቢቶች (የ0 ወይም የ1 ቦታዎች) ይቀመጣል። ይኸው ቁጥር በስክሪን ወይም በደረሰኝ ላይ እንዲታይ ሲፈለግ ግን ሦስት ምልክቶች መሆን አለበት፤ እያንዳንዱም ምልክት የራሱ መለያ አለው፤ ለፊደላትና ለምልክቶች ቁጥር በሚሰጠው በአስኪ ሠንጠረዥ የ2 መለያ 50፣ የ4 መለያ 52፣ የ7 መለያ ደግሞ 55 ነው። ስለዚህ ማሽኑ አሃዞቹን አንድ በአንድ ነቅሶ ማውጣት ይኖርበታል። የሚያወጣቸውም ሁላችንም በልጅነታችን በተማርነው መንገድ ነው፤ 247 ለ10 ሲካፈል 24 ደርሶ 7 ይተርፋል፣ 24 ለ10 ሲካፈል 2 ደርሶ 4 ይተርፋል፣ መጨረሻ ላይ 2 ይቀራል። በእያንዳንዱ ቀሪ ላይ 48 ሲደመርበት የአሃዙ መለያ ይገኛል። አሃዞቹ የሚወጡት ከኋላ ወደ ፊት ስለሆነ፣ አዋቂ ፕሮግራመር ቦታውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ከቀኝ ወደ ግራ ይሞላዋል፤ ያልተጠነቀቀው ደግሞ ከጻፈው በኋላ መልሶ ይገለብጠዋል።

ዋጋ የሚያስከፍለው ማካፈሉ ነው። ለፕሮሰሰር መደመር በአንድ ሳይክል (በፕሮሰሰሩ ሰዓት አንድ ምት) የሚያልቅ ሥራ ሲሆን፣ ማባዛትም በዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ሦስት ሳይክል ያህል ቢወስድ ነው። ማካፈል ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የኢንቴል ስካይሌክ ትውልድ ላይ ባለ 64 ቢት ቁጥር ማካፈል ከ35 እስከ 90 ገደማ ሳይክል ይፈጅ ነበር፤ ከ20 በታች የወረደው በአይስ ሌክ ትውልድ ነው። ባለ 64 ቢት ቁጥር እስከ 20 አሃዝ ሊኖረው ስለሚችል፣ አንዱን ቁጥር በተራው መንገድ ለመጻፍ ሃያ ጊዜ ማካፈል ሊያስፈልግ ነው። በአነስተኛ ቺፖች ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። በየትምህርት ቤቱ በሚታወቀው በአርዱዪኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ ያለው አትሜጋ328 ባለ 8 ቢት ቺፕ፣ የማባዣ ሰርኪዩት ቢኖረውም የማካፈያ ሰርኪዩት ፈጽሞ የለውም። ባለ 32 ቢት ቁጥር አካፍል ሲባል ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) የሚያስገባለት ትንሽ ፕሮግራም ቢቶቹን እያንሸራተተና እየቀነሰ ሠላሳ ሁለት ዙር ይሽከረከራል፤ ይህም በግምት 600 ሳይክል ይወስዳል።

ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ ኢምንት ይመስላል። ለእኔም ይመስለኝ ነበር፤ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሞተራቸው ሁለት ጊዜ እስኪቃጠልባቸውና «መብራቱ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚያሳየኝ ነገር ሥራልኝ» እስኪሉኝ ድረስ ማለቴ ነው። የሠራሁላቸው መሣሪያ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ሳይክል በሚሠራው በዚሁ ባለ 16 ሜጋኸርዝ ቺፕ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከትራንስፎርመርና ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሚመልሰው ከሬክቲፋየር በኋላ የሚመጣውን ቮልቴጅ በሰከንድ 2,000 ጊዜ እየለካ በሜሞሪ ካርድ ላይ ይጽፋል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ይህ ለአንድ ሙሉ ሞገድ 40 ልኬት ማለት ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንደኛው በማይክሮ ሰከንድ (በሰከንድ ሚሊዮንኛ) የተቆጠረ ሰዓት ሆኖ እስከ 10 አሃዝ ይደርሳል፣ ሁለተኛው ከ0 እስከ 1023 የሚሆን ልኬት ስለሆነ ከአራት አሃዝ አያልፍም።

መሣሪያው ሲሞከር ፋይሉ ውስጥ ልኬቶች እየተዘለሉ ተገኙ። የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ እናንተም እንደ መከራችሁት፣ ዕቃውን መለወጥ ነበር፤ ካርዱ ዘግይቶ ይሆናል ብዬ ውድ ካርድ ገዛሁ፤ ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ ሰሌዳውን በትልቅ ሰሌዳ ልተካው ዋጋ ማጠያየቅ እንደ ጀመርሁ፣ አብሮኝ የሚሠራ ወጣት «ጋሼ፣ መጀመሪያ እንለካው እንጂ» አለኝና ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ መለወጡ ሲጀመር አንዱን የቺፑ እግር ከፍ፣ ሲያልቅ ዝቅ የሚያደርግ ሁለት መስመር ኮድ ጨመረበት። የኤሌክትሪክ ምልክትን በጊዜ እየለካ በሚያሳየው በኦሲሎስኮፑ ላይ ያየነው መጠን ራሴም በወረቀት ላይ ላሰላው እችል የነበረ ነው። አሥራ አራት አሃዝ ለማውጣት አሥራ አራት ማካፈል ያስፈልጋል፤ ይህም በ600 ሳይክል ሲታሰብ 8,400 ሳይክል ወይም 525 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በሁለት ልኬቶች መካከል ያለን ጊዜ ግን 500 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነበር። መሣሪያው የሚለካውን ሁሉ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አልነበረውም፤ ካርዱ ጋ ከመድረሱ በፊት ነበር ጉዞው ያለቀው።

መፍትሔው ማካፈልን ማፋጠን ሳይሆን ጨርሶ መተው ሆነ። ሰዓቱ በየልኬቱ የሚጨምረው በእኩል መጠን፣ በ500 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ፣ በየጊዜው ከባይነሪ ወደ ጽሑፍ መለወጥ አያስፈልገውም፤ ከመጀመሪያውኑ በጽሑፍ መልክ አስቀምጠን በጽሑፉ ላይ መደመር እንችላለን። የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጎማ ዘጠኝን ሲያልፍ ወደ ዜሮ ይመለስና ቀጣዩን በአንድ ይገፋዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ሁልጊዜ ዜሮ ስለሆኑ አይነኩም፤ ከቀኝ ሦስተኛው አንዴ 5 አንዴ 0 ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ግራ የሚሻገረው ደግሞ በሁለት ልኬት አንዴ ነው። ለአራት አሃዙ ልኬት የተጠቀምነው መንገድ ደግሞ መቀነስ ነው። ከቁጥሩ ላይ 1000 ይቀነስለት እንደሆነ ይታያል፤ ከዚያ 100 ስንት ጊዜ እንደሚቀነስለት፣ ከዚያ 10 ስንት ጊዜ እንደሚቀነስለት ይቆጠራል፤ የተረፈው የመጨረሻው አሃዝ ነው። ቁጥሩ ከ1023 ስለማይበልጥ ይህ ሁሉ ቢበዛ ከ18 የተሳካ ቅነሳ አያልፍም፤ እያንዳንዱም ቅነሳ የሚወስደው ጥቂት ሳይክል ነው። የ8,400 ሳይክሉ ሥራ ወደ ጥቂት መቶ ወረደ።

ለዚህ ፍጥነት የከፈልሁትን ስሕተት ሳልናገር ባልፍ ግን ታማኝነት አይሆንም። መስመሩን ለማሳጠር ስል ከፊት ያሉትን ዜሮዎች እንዳይጽፍ አድርጌው ነበር፤ 0047 ሳይሆን 47 እንዲል ማለት ነው። ልኬቱ ራሱ ዜሮ ሲሆን አራቱም አሃዞች «ከፊት ያለ ዜሮ» ተብለው ይቀራሉና ምንም ሳይጻፍ ባዶ ያልፋል። ልኬቱ ዜሮ ላይ ረግቶ የሚቆየው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ፋይላችን ሁሉን መዝግቦ፣ ባለቤቱ አጥብቀው የፈለጉትን ቅጽበት ብቻ ባዶ አድርጎ አስቀረ። እንዲህ ዓይነት ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው ቁጥር ዜሮ፣ ሁለተኛው ደግሞ መያዣው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ሊሆን ይገባል።

አንዳንድ አንባቢ «ለምን በባይነሪው እንዳለ አልተመዘገበም፣ ኋላ በትልቅ ኮምፒውተር ላይ አይለወጥም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ለውጥን ለማፋጠን ከሁሉ የተሻለው መንገድ አለመለወጥ ነው። እዚህ ላይ ግን የወፍጮ ቤቱ ኤሌክትሪሺያን ካርዱን አውጥቶ ስልኩ ላይ ከፍቶ ማንበብ ፈለገ፤ ለእርሱም ጽሑፍ እንጂ ባይት አይሆነውም ነበር።

በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ጥበቡ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶርቢዮርን ግራንሉንድና ፒተር ሞንትጎመሪ ባወጡት ሥራ፣ አካፋዩ ቁጥር አስቀድሞ ከታወቀ ማካፈልን በማባዛት መተካት እንደሚቻል አሳዩ። ለ10 ማካፈል ማለት በአንድ አሥረኛ ማባዛት ነውና፣ አንድ አሥረኛን ሁለት በራሱ 35 ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር አሳድገን ወደ ላይ ብናጠጋጋው 3435973837 ይሆናል። 247ን በዚህ ቁጥር አባዝተን ውጤቱን 35 ቢት ወደ ቀኝ ብናንሸራትተው 24 እናገኛለን፤ ተቆርጦ የወደቀው ክፍልፋይም 0.7 አካባቢ ነው፤ ይኸውም የምንፈልገው 7 መሆኑ ነው። ይህ ለማንኛውም ባለ 32 ቢት ቁጥር ያለ ስሕተት ይሠራል። ዛሬ ለእንዲህ ያሉ ማሽኖች የሚያዘጋጁት ኮምፓይለሮች ይህንን በራሳቸው ያደርጉታል፤ ነገር ግን የሚያደርጉት አካፋዩ 10 መሆኑን በኮዱ ውስጥ ሲያዩ ብቻ ነው። ፕሮግራመሩ «ለማንኛውም የቁጥር መሠረት ያገለግላል» ብሎ (የአሥርዮሹ መሠረት 10፣ የባይነሪው 2 ነው) ከ2 እስከ 36 ያለውን ሁሉ የሚቀበል አንድ ጠቅላላ ፈንክሽን (ተጠርቶ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) ከጻፈና አካፋዩን በተለዋዋጭ ከያዘው፣ ኮምፓይለሩ ምን እንደሚመጣ አያውቅምና እውነተኛውን የማካፈል ትእዛዝ ያስገባል። ሁሉን እችላለሁ የሚል ፈንክሽን የሚበዛውን ሥራ ሲያጓትት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ጽሑፍ ለማውጣት የሚያገለግለው ፕሪንትኤፍም ቢሆን በተጠራ ቁጥር የአጻጻፍ መመሪያውን ከመጀመሪያው ፊደል እያነበበ ስለሚፈታ ከዚሁ ወገን ነው፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ እ.ኤ.አ. የ2017 ደረጃ ላይ ለቁጥር ለውጥ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ፈንክሽን የተጨመረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ጥበብ አሃዞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ማውጣት ነው። ቁጥሩ ለ10 በመካፈል ፈንታ ለ100 ይካፈላል፤ ቀሪው ከ0 እስከ 99 ይሆናል፤ ከ00 እስከ 99 ያሉት ጥንዶች ሁሉ አስቀድመው በ200 ባይት ሠንጠረዥ ውስጥ ስለተጻፉ ሁለቱ አሃዞች እንዳሉ ተቀድተው ይቀመጣሉ። አሥር አሃዝ ላለው ቁጥር አሥር የነበረው ማካፈል አምስት ይሆናል። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የግእዝ ቁጥራችን የሚጻፈው በዚሁ በጥንድ ሥርዓት ነውና። 2017 ዓ.ም. ሲጻፍ 20 እና 17 ተብሎ ይከፈልና በመካከሉ መቶ ይገባበታል፤ ፳፻፲፯። ቁጥሩ ከፍ ሲልም ያው ነው፤ 1,234,567 ከቀኝ ጀምሮ 67፣ 45፣ 23፣ 1 ተብሎ ይጠመዳል፤ በጥንዶቹ መካከልም መቶና እልፍ እየተፈራረቁ ይገባሉ፤ መቶው ላይ ያለው ብቸኛ አንድ ደግሞ አይጻፍም፤ ፻፳፫፼፵፭፻፷፯። አባቶቻችን ማሽን ባያስቡም ለ100 እያካፈሉ ይጽፉ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ይሁንና የግእዙን ቁጥር በሶፍትዌር ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት አለበት። ምልክቶቹ ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ ሃያ ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ፻ እና ፼። ዩኒኮድን በባይቶች በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ምልክት ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ 2017 በአራት ባይት የሚጻፍ ሲሆን ፳፻፲፯ አሥራ ሁለት ባይት ይፈልጋል፤ ለአሃዝ አንድ ባይት ብቻ ያዘጋጀ ፕሮግራም የጎረቤቱን ሜሞሪ ይደመስሳል። ሁለተኛ፣ የጥንዶቹ ርዝመት እኩል አይደለም፤ 17 በሁለት ምልክት፣ 20 ግን በአንድ ብቻ ይጻፋል፤ ስለዚህ ሠንጠረዡ ከእያንዳንዱ ጥንድ ጋር ርዝመቱንም መያዝ ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ በግእዝ ቁጥር ውስጥ ዜሮ የለም፤ ዜሮ የመጣ እንደሆነ ምን እንደሚጻፍ ፕሮግራመሩ አስቀድሞ ካልወሰነ፣ በእኔ ላይ በወፍጮ ቤቱ የደረሰው ይደርስበታል።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር ልበል። ብርን በነጥብ ባለ ቁጥር መያዝ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ገንዘብ በሳንቲም ተቆጥሮ በሙሉ ቁጥር መያዝ አለበት። 1,254 ብር ከ50 ሳንቲም 125450 ሆኖ ሲያዝ፣ ለ100 የተደረገው የመጀመሪያው ማካፈል ሳንቲሙን በአንድ ጊዜ ለይቶ ይሰጣል፤ ፍጥነትና ትክክለኛነት አብረው የሚገኙበት ቦታ ይህ ነው። ነጥብ ያለውን ቁጥር ወደ ጽሑፍ መለወጥ ግን እጅግ የከበደ ጉዳይ ነው። 0.1 በባይነሪ በልኩ ስለማይገኝ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ብዙ ቋንቋዎች 0.30000000000000004 ብለው ይጽፋሉ። ተመልሶ ሲነበብ ያንኑ ቁጥር የሚሰጠውን አጭሩን ጽሑፍ ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ ጋይ ስቲልና ጆን ኋይት እ.ኤ.አ. በ1990 አቀረቡ፤ ነገር ግን በትልልቅ ሙሉ ቁጥሮች ስሌት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ዝግተኛ ነበር። ፍሎሪያን ሎይች በ2010፣ ኡልፍ አዳምስ ደግሞ በ2018 ያወጧቸው ዘዴዎች ናቸው ሥራውን ያፋጠኑት። በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የጃቫ ቋንቋ እንኳ 2 ቀጥሎ ሃያ ሦስት ዜሮ ያለውን ቁጥር 1.9999999999999998 በሚል እየጀመረ ሲጽፍ ኖሮ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 19ኛው እትሙ ነው። በአነስተኛ ቺፖች ላይ ደግሞ ለአርዱዪኖ ኡኖ የሚያገለግለው የሲ ላይብረሪ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ነጥብ ያለውን ቁጥር መጻፊያ ከመነሻው አያካትተውም፤ ተማሪው የሙቀት መጠን አሳይ ሲለው ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይወጣል። ስንቱ ተማሪ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ጥሎት ይሆን?

እዚህ ላይ የድሮዎቹን መሐንዲሶች ሳላነሣ አላልፍም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋወቀው ሲስተም/360 ቁጥርን ከባይነሪ ወደ አሥርዮሽ የሚለውጥ ራሱን የቻለ ትእዛዝ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ነበረው። የኢንቴል 8086ም በ1978 ሲወጣ አንድን ባይት ለ10 አካፍሎ ሁለቱን አሃዞች የሚለይ ትእዛዝ ይዞ ነበር፤ በዛሬው ባለ 64 ቢት አሠራር ግን ያ ትእዛዝ ቀርቷል። በሃርድዌር ይሠራ የነበረው ሥራ ወደ ሶፍትዌር ጸሐፊው ትከሻ ተሸጋግሯል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምሩ መምህሮቻችን ግን ቁጥር ማተምን በመጀመሪያው ቀን በአንድ መስመር አሳይተው ዳግመኛ አይመለሱበትም።

ይህን ሁሉ የምለው እያንዳንዱ ፕሮግራም እንዲህ ይጻፍ በማለት አይደለም። በቀን አንድ ሪፖርት የሚያወጣ ፕሮግራም በፕሪንትኤፍ ቢሠራ ማንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ቀላሉ ኮድ ለሚረከበው ሰው ይሻላል። ጥያቄው የሚነሣው ቁጥሮቹ በሰከንድ በሺዎች ሲጻፉ ነው፤ የክፍያ መዝገብ፣ የመለኪያ መሣሪያ፣ መረጃን በጽሑፍ የሚያስተላልፍ ሰርቨር በዚህ ይመደባሉ። ስለሆነም ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ዘገምተኛ ሥርዓቶች ሲጽፍ፣ ግዢው ከመጽደቁ በፊት ጊዜው በትክክል የት እንደሚያልቅ በመለኪያ ይረጋገጥ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨምርበት በትሕትና እጠይቃለሁ። የወፍጮ ቤቱ መሣሪያ ዛሬም በዚያው ባለ 16 ሜጋኸርዝ ቺፕ ላይ ይሠራል፤ በከንቱ የገዛሁት ውድ ካርድ ደግሞ እስከ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአነስተኛ መሣሪያዎች ሶፍትዌር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ